ከምድጃው በላይ ያለችው መዝጊያ

ነገሩ የሆነው የኛ ሚሊኒየም ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖር ነበር። ታሪኩ ያረጀ የኩሽና ካቢኔት ስለ መቀባት ነው፤ ይህን ያህል ዓመት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠው ግን በቀለሙ ምክንያት አይደለም። አንዲት ሴት ስላዋረደችኝ፣ እኔም ስለመለስኩላት ነው። ስሟን ቀይሬዋለሁ። ይህን ካነበበች ግን ራሷን ታውቃለች፤ ብታነበውም ደስ ይለኛል።

እልፍነሽ ልበላት። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች ፊት ለፊት "እትዬ" እና "እርስዎ" እያልኩ ነበር የማነጋግራት። እዚህ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ።

ናይሮቢ ያለን ሴቶች የማርያም ጽዋ ማኅበር ነበረን። ወር በገባ በሃያ አንድ፣ ቀኑ የሥራ ቀን ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ፣ በየተራ በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ቄሱ ይጸልያሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ይበላል ይጠጣል፣ መጨረሻ ላይ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። ገና ወደዚህ ቤት ሳልገባ እናቴ ያረፈች ጊዜ አገር ቤት መግባት አልቻልኩም ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር የተቀመጡት እነዚህ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ ሌላ ዘመድ አልነበረኝም።

እልፍነሽ የማኅበሩ ሙሴ ነበረች፤ መሪያችን ማለት ነው። የዓመቱን ተራ በእጇ ጽፋ ለእያንዳንዳችን የምታድለው እሷ ናት። ኪሌሌሽዋ ሰፈር ሰፊ ግቢ፣ ሾፌር፣ ትልቅ ቦታ የሚሠራ ባልና ናቲ የሚባል ጎረምሳ ልጅ አላት። "እኔ እኮ ናይሮቢ የገባሁ ቀን የድርጅት መኪና ነው ኤርፖርት የጠበቀኝ" ማለት ትወድ ነበር። ስንት ጊዜ እንደሰማነው አላስታውስም።

እኔ ጊጊሪ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ቤቴ ንጹሕ ነው። ኩሽናው ግን የድሮ ነበር፤ ካቢኔቶቹ ቡናማ ይሁኑ ጥቁር አይለዩም፣ የስንት ተከራይ ቁሌት የጠጡ እንጨቶች ናቸው። ባጥባቸው ባጥባቸው ያው ናቸው። እኔም ለምጃቸው አላያቸውም ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ ተራዬ ሲደርስ ሁለት ቀን ሙሉ ሠርቼ ጠበቅኩ። እልፍነሽ ስትገባ ሳሎን አልተቀመጠችም። በቀጥታ ወደ ኩሽና አለፈች። ብርጭቆ የት እንዳለ ሳትጠይቀኝ ከምድጃው በላይ ያለችውን የካቢኔት መዝጊያ ከፈተችና በውስጠኛው ጎኗ ላይ ጣቷን አሳለፈች። ዞር ስትል ከኋላዋ መሆኔን አየች። ያኔ ጣቷን አሸተተችው። ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ጠረገችው፣ ያንን ቡናማ ሶፍት ይዛ ወደ ሳሎን ወጣችና ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦው አጠገብ አስቀመጠችው።

ከዚያ አልበላችም። "ቁርስ አብዝቼ ነው የመጣሁት" አለች። ማኅበር ቤት ገብቶ እህል አለመቅመስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሙሴዋ ካልበላች ሌሎቹም ጫፍ ጫፉን ነካ ነካ አድርገው ተዉት። ያን ሁሉ ዶሮ ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን በላሁት።

አዲሱን የተራ ዝርዝር ስታድለን ስሜ የለም። "አንቺ ላጤ ነሽ፣ የቢሮ ሰው ነሽ፣ ምን አደከመሽ ልጄ። ያንቺን እኔ ቤት እናደርገዋለን" አለችኝ ጉንጬን እየዳበሰች። ሴቶቹ "ታድለሽ" አሉኝ። ተራ የሌለው ማኅበርተኛ እንግዳ ነው። ጽዋው ቤቴ እንዳይገባ ተፈረደብኝ ማለት ነው፣ ያውም በእኔ ወጥ ምክንያት ሳይሆን ባልሠራሁት ካቢኔት። ዝርዝሩን ወስጄ ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጠፍኩት። በየቀኑ እንዳየው ብዬ ነው የለጠፍኩት።

ሁለት ወር ቻልኩ። በየወሩ ከእሷ ጎን ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ አውቃለሁ። ሳሌ ግን አልለቀቀኝም።

በሦስተኛው ወር ቄሱ ጽዋውን አንሥተው "ተረኛዋ ማን ናት?" ሲሉ ከተረኛዋ ቀድሜ ብድግ አልኩ። "አባቴ፣ ስለት አለብኝ፤ የሚቀጥለውን ወር ለእኔ ይስጡኝ" አልኳቸው። ስለት አልነበረብኝም። ወይም ነበረብኝ፣ ለማርያም ግን አልነበረም። ቄሱ ደስ ብሏቸው መርቀው ሰጡኝ። በእሳቸው ፊት ማን ይከለክላል?

እልፍነሽ ስንወጣ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። "ልጄ፣ ያ ኩሽናሽ..." አለች።

"እስከዚያ ይታደሳል፣ እትዬ። ካቢኔቶቹን አንድ በአንድ ፍቄ እቀባቸዋለሁ" አልኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። ቅናት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የሕንፃችን ጠባቂ ምዜ ንጆሮጌ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ቀለም ይዤ ስገባ አይተው ፉንዲ ላምጣልሽ አሉኝ። ፉንዲ እዚያ አገር ለማንኛውም ጥገና የሚጠራው ባለሙያ ነው፤ ከቧንቧ እስከ ጣራ ያውቃል። አይሆንም አልኩ። ይህን ሥራ በሰው እጅ ማሠራት አልፈለግኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ነጩን ዘይት ቀለም ከፍቼ፣ መፋቁን ትቼ፣ እንዳለ ካቢኔቶቹ ላይ ለቀለቅኩት። ሲያምር! በማግስቱ እጅ ላይ ይጣበቃል። በሦስተኛውም ቀን ይጣበቃል። በሳምንቱ በጥፍሬ ጫር ባደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገሽልጦ መጣ። ከሥሩ ያው የድሮው ቅባት ቁጭ ብሏል። ሶፍቷ ትዝ አለችኝና ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቀለሙን ወደሸጠልኝ ሱቅ ተመልሼ ሄድኩ። ባለሱቁ መነጽሩን በክር ያንጠለጠለ ሕንዳዊ ሽማግሌ ነው። የተላጠውን ቁራጭ አገላብጦ አየና "ማማ፣ አንቺ እንጨት ላይ አይደለም የቀባሽው፣ ዘይት ላይ ነው" አለኝ። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ቅባቱን በሚያሟሟው አኳራጅ፣ ከዚያ መሠረት ቀለሙ፣ ነጩ በመጨረሻ፣ እሱም ስስ ሆኖ ሁለት ጊዜ። "ሳታጥቢ ብትቀቢ፣ ቢደርቅልሽ እንኳ ጥቂት ወር ያምርልሻል፣ ከዚያ ተላጦ የሸፈንሽውን ሁሉ ይመልስልሻል" አለ። ይህን ያለበትን ድምፅ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ቀሪውን ጊዜ በዚያ ኩሽና ፈጀሁት። መዝጊያዎቹን በካቻቪቴ ፈትቼ አወረድኩ፣ የየትኛው ቦታ እንደሆኑ እንዳይጠፋኝ ቁጥር ለጠፍኩባቸው። አጠብኩ፣ ፈገፈግኩ፣ ደግሜ አጠብኩ። ብርጭቆ ወረቀቱን ባሸሁ ቁጥር እልፍነሽን የማሻት ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ አልደከመኝም። ጥፍሮቼ አለቁ። ቢሮ ውስጥ አንዷ "ጋራዥ ጀመርሽ እንዴ?" ብላኛለች።

በመጨረሻ ከምድጃው በላይ ያለችው መዝጊያ ቀረች። ውስጠኛው ጎኗ አበባ ያለበት ተለጣፊ ፕላስቲክ የለበሰ ነው። ጫፉን ይዤ ሳብኩት፤ ተነሣ። ከሥሩ እንጨቱ ሙጫ በሙጫ ሆኗል። በሙጫው መሐል የእርሳስ ጽሑፍ አለ። በአማርኛ።

"ሰኞ፣ የጣልያኗ ቤት፣ ወለል። ማክሰኞ፣ ዶክተሩ ቤት፣ አጠባ። ረቡዕ፣ ናቲን ክሊኒክ፣ ከሰዓት የጣልያኗ ቤት ካውያ።" እንዲህ እያለ እስከ ቅዳሜ ይወርዳል። ከታች ለብቻው "21፣ ማኅበር" ተብሎ ተጽፎ ተሰርዟል። ከጎኑ አንድ ቃል አለ፦ "አልጠሩኝም።"

ናቲ የሚለውን፣ የእልፍነሽን ልጅ ስም፣ ደግሜ አነበብኩት። ጸሐፊ ነኝ፤ የሰው እጅ ጽሑፍ አይጠፋኝም። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ዝርዝር፣ ስሜ የሌለበትን፣ ነቅዬ አጠገቡ ያዝኩት። የ"ማ" እግሯ ረዝሞ ወደ ግራ መታጠፉ፣ ሃያ አንድ ሲጻፍ አንዷ መንጋደዷ፣ አንድ እጅ ነው።

ለማረጋገጥ ወርጄ ምዜ ንጆሮጌን እዚህ ቤት ድሮ ሐበሻ ነበረ ወይ አልኳቸው። "ማማ ናቲ!" አሉ ፊታቸው በርቶ። "ከአንቺ በፊት ከነበሩትም በፊት። በየሰው ቤት ስትሠራ ትውልና ልጇን አዝላ ይህን ደረጃ ትወጣ ነበር። ጥሩ ሴት ነበረች። የት ደርሳ ይሆን?"

በሾፌር መጥታ በፊታቸው ስታልፍ አላወቋትም ማለት ነው፤ የት እንደደረሰች እኔም አልነገርኳቸውም። ወደ ላይ ስወጣ ሁሉም ነገር በየቦታው ገባ። ምንም ሳትጠይቅ በቀጥታ ያቺን መዝጊያ የከፈተችው ኩሽናው የራሷ ስለነበረ ነው። ጣቷን ያሳለፈችው ቆሻሻ ፍለጋ አልነበረም፣ ፕላስቲኩ እንደተለጠፈ መሆኑን ለማየት ነው። እኔ ከኋላዋ ስደርስባት ደነገጠች፤ ድንጋጤዋን በእኔ ላይ ጠረገችው። ተራዬን የነጠቀችኝም ማኅበሩ ወደዚያ ቤት ተመልሶ እንዳይመጣ ነው። ደግሞ ያ የተጠየፈችው ቅባት፣ ቢያንስ ግማሹ፣ የራሷ ወጥ ነው።

በየሰው ቤት ሠርቶ ልጅ ማሳደግ ነውር ነው የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። ያንን ብቻ አይቼ ቢሆን ምናልባት እራራላት ነበር። "አልጠሩኝም" የሚለው ነው ያጨከነኝ። ከማኅበር መቅረት እንዴት እንደሚያቃጥል የማታውቅ ሴት ብትሆን ኖሮ ይቅር ባልኳት። እያወቀች ነው በእኔ ያደረገችው።

ሁሉንም ነጭ ቀባሁ። የዚያችን መዝጊያ ውጪዋን ቀባሁ፣ ውስጧን ግን አልነካሁትም። አላጠብኩትም፣ አልፈገፈግኩትም፤ ባጥበው እርሳሱ ይጠፋ ነበር። መልሼ ገጠምኳትና ብርጭቆዎቹን ሁሉ እዚያ ውስጥ ደረደርኩ።

የማኅበሩ ቀን ሴቶቹ ኩሽናዬን አይተው አፋቸውን ያዙ። "አንቺው ነሽ የቀባሽው?" እያሉ ይነካካሉ። እልፍነሽ መጨረሻ ላይ ገባች። ወዲያው ዐይኗ ወደ ምድጃው ሄደ።

"እትዬ እልፍነሽ፣ እንኳን መጡ። እባክዎ ከዚያ ብርጭቆ ያቀብሉኝ" አልኳት። ከአጠገባችን ሦስት ሴቶች ቆመዋል።

ከፈተች። ፕላስቲኩ የለም። እኔ ፊቷን ብቻ ነበር የማየው። ከዚያ ቀስ ብላ ዘጋቻትና ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች።

"ብርጭቆውስ?" አለች አንዷ፣ እጇን እየሰደደች።

"እኔ አቀብላችኋለሁ። እናንተ ግቡ፣ ተቀመጡ" አለች እልፍነሽ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማኅበሩ እስኪበተን ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀችም። ብርጭቆ በተጠየቀ ቁጥር መዝጊያዋን በጥቂቱ ገርበብ አድርጋ በአንድ እጇ ታወጣለች። ሴቶቹ "ሙሴያችን ዛሬ ትሕትናዋ በዛ" ተባባሉ። እኔ ሰሐን ይዤ ሄድኩና የዶሮውን ብልት ጠቅልዬ በእጄ ወደ አፏ አስጠጋሁት። "ዛሬም ቁርስ በልተው ነው የመጡት?" አልኳት። ተቀበለችኝ። ደገምኩላት፤ ተቀበለች። ሦስተኛውንም ተቀበለች። ሁሉም እያዩ ነበር፤ ሁሉም በሉ። ያን ቀን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ቀረች።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አለችኝ።

"ተራዬን" አልኩ።

"ነገ ጽፌ እልክልሻለሁ። ይህን ቀቢልኝ። ናቲ አያውቅም። ባሌም የነገርኩት ሌላ ነው።"

"ቀለሙ አለቀብኝ፣ እትዬ" አልኳት። ግማሽ ጣሳ ቀለም ከመታጠቢያው ሥር ነበረኝ።

ለማንም አልነገርኩም። ይህን ለመልካምነቴ እንዳትቆጥሩልኝ፤ ብናገር ኖሮ አንድ ቀን ያቃጥላትና ያልፍላት ነበር። አዲሱ ዝርዝር ሲመጣ ስሜ ከላይ ነው። በየወሩ ሞባይሌ ላይ ትደውልና ሰላምታ አብዝታ በመጨረሻ "ያቺን ነገር ቀባሻት?" ትለኛለች። አንዴ ብሩሹ ደረቀብኝ እላለሁ፣ አንዴ ሱቁ ያንን ነጭ አጣ እላለሁ። ማኅበሩ እኔ ዘንድ በሆነ ቀን ከሁሉ ቀድማ መጥታ ምድጃው አጠገብ ትቆማለች። እንዲህ ስንባባል አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ።

ከዚያ መሥሪያ ቤቴ ወደ ሌላ ከተማ አዛወረኝና ቤቱን ልለቅ ሆነ። የሰማች ዕለት መጣች። ሾፌሯን ታች ትታ፣ በጥሩ ቀሚሷ፣ ትንሽ ጣሳ ነጭ ቀለምና አዲስ ብሩሽ በፌስታል ይዛ ደረጃውን ወጣች። ቤቱ ባዶ ነበር፤ ካርቶኖቼ ብቻ ተደርድረዋል። መዝጊያዋን ከፍታ ጽሑፉን ዐየችው። እንደገና ያነበበችው መሰለኝ። እጇን በሙጫው ላይ አሳለፈችና ወደ እኔ ዞረች።

"እንዲሁ ይቀባል አይደል?" አለችኝ።

አኳራጁ ከእግሬ ሥር ካርቶን ውስጥ ነበር። ብርጭቆ ወረቀቱም እዚያው ነበር። የሕንዱ ሽማግሌ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

"ይቀባል" አልኳት።

ቀባችው። ጠብታ ቀሚሷ ላይ ወደቀ፣ ግድ አልሰጣትም። ስትጨርስ ነጭ በነጭ ሆነ፣ አንድም ፊደል አይታይም። ጣሳዋን ዘግታ ትንፋሿን አወጣችና ጉንጬን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። "እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። ይቅር በይኝ" አለች። በእነዚያ ሁሉ ወራት ይቅርታ የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ይቅር ለእግዚአብሔር አልኳት። ደረጃውን እያዜመች ወረደች።

ከስድስት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ናይሮቢ መጥቼ በዚያ ሳልፍ ምዜ ንጆሮጌን በር ላይ አገኘኋቸው። ሦስተኛው ፎቅ ማን ገባ ብዬ ጠየቅኩ። "ዋሐበሺ" አሉኝ፤ በእነሱ ቋንቋ የኛ ሰዎች ማለት ነው። ባልና ሚስት ናቸው፣ ሚስትየዋ አሁን በቅርቡ አንድ የሴቶች ማኅበር ገብታለች አሉኝ። የትኛው ማኅበር እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ በዚህ ታሪክ ሁለቱንም ስለሆንኩ መርሳት አልቻልኩም። ያ ስሞሽ አንዳንዴ ጉንጬ ላይ ይመጣብኛል፣ ልብሴን እያጠብኩ፣ ወይ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ፣ እና ደስ አይለኝም። ቀለሙ ይዞ ይሆናል እላለሁ። እንደማይዝ ግን አውቃለሁ።

ይህን ጉዳይ ለንስሐ አባቴ እስካሁን አልተናገርኩም። ብናገር መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ቢደገም ታደርጊዋለሽ?" ብለው ነው። እልፍነሽ ዛሬ ብሩሿን ይዛ መጥታ እንዲሁ ይቀባል ወይ ብትለኝ፣ ይቀባል ነው የምላት።